ካርፕ መትፋት ያቆመበት ሳምንት

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ልጁና የጡረታ ደብተሩ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ቀማሹ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያቦካ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣና ከግድቡ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ለዓሣ አጥማጆች ማባበያ መሥራት ጀመረ፤ መንጠቆ ላይ የሚሰካውን፣ ዓሣውን አታሎ የሚያመጣውን ምግብ ማለት ነው። ሌላው ማባበያ ሻጭ ትል በጣሳ ሞልቶ ይሸጣል። እሱ ግን የሚሸጠውን ሁሉ መጀመሪያ የሚከተው ራሱ አፍ ውስጥ ነው። የሽምብራ ዱቄት፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የደረቀ ዓሣ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፤ ይህን ሁሉ አሽቶ አሽቶ ትንሽ ኳስ ያደርግና ምላሱ ጫፍ ላይ ያሳርፈዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያስባል። ከዚያ ወይ "ይሄ ለቀዝቃዛ ቀን ነው" ይላል፣ ወይ ባልዲው ውስጥ እንትፍ ይለዋል። አዲስ ደንበኛ ይህን ሲያይ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ነባሮቹ ግን ለምደውታል።

ካርፕን የማያውቅ ሰው ዓሣ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ሌላው ዓሣ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ዘሎ ይነክሳል። ካርፕ ግን ገበያ የወጣች አሮጊት ነው፤ ሳይነካካ፣ ሳያገላብጥ፣ ሳያማርር አይገዛም። ከአፉ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት አጫጭር ጢሞች ገና ሳይጎርስ ይቀምሱለታል። ከዚያ ምግቡን ከነውሃው ሽው አድርጎ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል፣ ካልጣመው አንተ "አንድ" ብለህ ሳትጨርስ መልሶ ይተፋዋል። የአጥማጁ ሙያ በሙሉ ያለው እዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው፤ ዓሣው በሚስብበትና በሚተፋበት መሃል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዱ ስለሚከብደው ቀለል ያለ ጣፋጭ ነገር ይሻል፤ ዳቦ፣ በቆሎ። ሲሞቅ ደግሞ ጉበት፣ ትል፣ የዓሣ ዱቄት፣ በቃ ከሩቅ የሚሸት ነገር ነው የሚወደው። ቂመኛም ነው። በበቆሎ ተወግቶ ያመለጠ ካርፕ ለወራት በቆሎ ባየ ቁጥር ዞር ብሎ ይሄዳል፤ አጠገቡ የነበሩትም አይተው ዞር ይላሉ። ስለዚህ ቀማሹ እንደ ልብስ ሰፊ በየጊዜው አዲስ ፋሽን ማምጣት ነበረበት።

አጥማጅ ደግሞ ይዋሻል። እንደ ነውርም አይቆጠርበትም። "በምን ያዝከው?" ሲባል በትል የያዘው "በዳቦ" ይላል፣ በዳቦ የያዘው "በድንች"። ጠያቂውም እንደሚዋሽ ስለሚያውቅ የተነገረውን ትቶ ሌላውን ይሞክራል። ቀማሹ በዚህ ሙያ የሁሉም አለቃ ነበር። ያንኑ ሊጥ ለአንዱ የጉበት ነው፣ ለሌላው የፍየል ወተት ነው ብሎ ሸጧል። የልብ ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ "ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እውነት ከተናገረ ሐኪም ጥሩለት" ይል ነበር። ቀማሹም ሲሰማው ደስ ይለዋል።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ያለችው አንድ ልጅ ናት። እሱ ምድር ቤት፣ እሷ ከበላዩ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ባሏ ከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ከሚያድርበት ቀን የማያድርበት ይበዛል። በዚያን ጊዜ ሩቅ የመንገድ ሥራ ላይ ተልኮ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች፤ አንዱን በአራተኛ ወር፣ አንዱን በአምስተኛ። ይኼኛው ሰባተኛ ወሩን ያዘ። ቀማሹ ይህን ጮክ ብሎ አይናገረውም። ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ላይ የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ብቻ ነው ከአልጋው የሚነሳው። አምሮቷ ዓሣ ነበር። እሱም በየቀኑ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ይዞላት ይወጣል።

ሰኞ ዕለት አዲስ ሊጥ ይዞ ወደ ግድቡ ወረደ። የሽምብራ ዱቄትና የበግ ጉበት ነበረበት፣ ቫኒላም ጠብ አድርጎበታል። ክሩን ወረወረና ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የክሩን ቡሽ ሊያይ ቀና ሲል ቡሹ የለም። ሰጥሟል። ጎተተው፤ እንደ ክንድ የሚረዝም ካርፕ። እንደገና ወረወረ፤ እንደገና ሰጠመ። በወትሮው ካርፕ ከመውሰዱ በፊት ክሩን ቆንጠር፣ ቆንጠር ያደርጋል፤ አጥማጁም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ዛሬ መቆንጠር ብሎ ነገር የለም። መጥቶ ይውጣል፣ አለቀ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ያዘ። ሊጡን የገዙትም ሰዎች እንደዚያው።

ማክሰኞ ጠዋት ማባበያ የሚሸጥባት ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነበር። ፖስተኛው ከሰልፉ ወጥቶ አንገቱን በበሩ አስገባና፣

"ምን ጨመርክበት? ለእኔ እንኳ ንገረኝ" አለው።

"ፍቅር" አለ ቀማሹ።

"ፍቅር በኪሎ ስንት ነው?"

"ለአንተ አይሸጥም።"

ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ደረቱን ነፋ። ለምን አይነፋ? ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ተጠራጣሪ ዓሣ ሊያሳምን ሲለፋ ኖሮ፣ አንድ ቀን ዓሣው እሺ ሲለው ለምን እሺ አልከኝ ብሎ አይጠይቅም። ቀማሹም አልጠየቀም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለልጁ የሚወስደውን ዓሣ ሊያጸዳ ማጠቢያ ገንዳው አጠገብ ቆመ። ካርፕ አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚያደቅበት ጥርስ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ቀማሹ በቢላዋ ጉሮሮውን ሲከፍት የራሱን ሊጥ አገኘ። ከሊጡ ጋር ሦስት ጠጠር። አንድ የሲጋራ ቁራጭ። አንድ የተጣመመ ቆርኪ። ቆርኪውን በሁለት ጣቱ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። ካርፕ ጭቃ ውስጥ ሲለቅም ጠጠርም ቆርኪም አፉ ውስጥ ይገባል፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ይተፋዋል። ሁልጊዜ ይተፋዋል። ሁለተኛውን ዓሣ ከፈተ፤ ውስጡ የላስቲክ ቁራጭና ከሰል ነበር።

ያኔ ማቆም ነበረበት። አላቆመም። ርቧቸው ይሆናል አለ፤ የመራቢያ ጊዜያቸው ደርሶ ይሆናል አለ። ዋናው ነገር ግን ይህ አልነበረም። ማታ ማታ ሰዎች በየቤታቸው ስለ ሊጡ ያወራሉ፤ በዕድሜው እንዲህ ተወርቶለት አያውቅም። ዓሣውን አጠበና ይዞላት ወጣ። እሷም አጥንቱን ሳይቀር ምጥጥ አድርጋ በላች። ይህችን ከሰዓት በኋላ ቆይቶ ብዙ ጊዜ ያስባታል፤ ባሰባት ቁጥርም ከተቀመጠበት ይነሳል።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ማንም ሳይመጣ ብቻውን ወረደ። ሊጡን ክፍሉ ውስጥ ትቶት ነበር የመጣው። ጎንበስ ብሎ ከዳርቻው ጭቃ ዘገነ፣ አድበለበለ፣ መንጠቆው ላይ ሰካው። ጭቃ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ቡሹ ሰጠመ። ሁለተኛ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰካ። ቡሹ ሰጠመ። ሦስተኛ ባዶውን መንጠቆ ወረወረ። ያኛውም ተዋጠ፤ መንጠቆውን ሊያወጣ ሲል ጉሮሮው ድረስ ወርዶ አገኘው። ዓሣውን አገላብጦ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጢሞቹ ጫፋቸው ነጥቷል፤ የፈላ ውሃ የነካቸው ይመስላሉ። ለሚቀምስበት አካል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሊጡን ወደውት አልነበረም ለካ። ጣዕም ጠፍቶባቸዋል። ጉበትን ከጭቃ፣ ጭቃን ከብረት መለየት አቅቷቸዋል። ቀማሹ ቀና ብሎ ወንዙ ወደሚመጣበት ወደ ኮረብታው አየ። ከኮረብታው ጀርባ በዓመቱ መጀመሪያ የተከፈተ ፋብሪካ አለ፤ ብረት በገንዳ እየነከረ የሚያብረቀርቅ ሽፋን የሚያለብስ። ከዚያ ዞሮ ወደ ታች፣ ከግድቡ ግርጌ ወደሚወጣው ወፍራም ቧንቧ አየ። ቧንቧው ወደ ከተማው ይሄዳል። የሚሄደው ወደ እያንዳንዱ ቤት ነው፤ ወደ እሷም ቤት።

ከነጭቃው ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ መልካም ሰው ነበር፤ ወንበር አቀረበለት። ቀማሹ የሆነውን ሁሉ ነገረው።

"ስለዚህ ይህን የነገረዎት ዓሣው ነው" አለ ሠራተኛው፤ ላለመሳቅ እየታገለ።

"ዓሣው አልነገረኝም። ዓሣው አልተፋም ነው የምልህ።"

"ጋሼ፣ ውሃችን በየሦስት ወሩ ይመረመራል። ያለፈው ውጤት ንጹሕ ነው። የሚቀጥለው ደግሞ አምስት ሳምንት ነው የቀረው።" ከጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አንስቶ ለብርሃን አሳየው። "ይዩት፣ እንደ መስታወት ነው።" ከዚያ ግማሹን ጠጣው። "ማመልከቻ ይጻፉና ያስገቡ፤ እኔ ራሴ ለኃላፊው አደርስልዎታለሁ።"

ቀማሹ ማመልከቻውን ጻፈ። ከዚያ ከሱቅ የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዝቶ፣ ወገቡ እየጮኸ፣ ደረጃውን ወጣ። ልጁ ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ልብስ ታጥፍ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ አትብዪ፣ ከቧንቧው ጠብታ አትቅመሺ አላት። ምክንያቱንም ነገራት።

"ትናንት ዓሣ ያመጣልኝ ማን ነው ታዲያ?" አለች።

"እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። አባቷ "አጥፍቻለሁ" ሲል ሰምታ አታውቅም፤ ግን ያሰበችው ሌላ ነገር ነበር። "አባዬ፣ ፈርተህ ነው። ያለፉትን ሁለቱን እያሰብክ ነው። እኔም እፈራለሁ። ግን ሐኪሟ ደህና ነሽ ብላኛለች፣ ውሃ በደንብ ጠጪ ብላኛለች።"

"ይህን ጠጪ እኮ ነው የምልሽ።"

"እሺ፣ እጠጣዋለሁ" አለች፤ ልቡን ለማሳረፍ። ወዲያው ግን ተነስታ ከቧንቧው ድስት ሙሉ ቀዳችና ምድጃው ላይ ጣደች። "ለማብሰል ምን አለው? ይፈላል አይደል?" አለችው። ልጅ ሳለች ጨረቃን በሽቦ አስሬ ያቆምኳት እኔ ነኝ ብሏት፣ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ አምናው ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የምትሰማው። ቀማሹ በዚያች ቅጽበት ጨረቃዋንም ራሱንም ረገመ።

ዓርብ አጥማጆቹ ሁሉ የተሰበሰቡበት ሰዓት ጠብቆ ግድቡ ዳር ቆመና ጮክ ብሎ ተናገረ። ሊጤ ውሸት ነው አለ። ዓሣው ታሟል፣ አትብሉት አለ። ውሃውንም አትጠጡ፤ ከላይ መርዝ እየገባበት ነው አለ። ከዚያ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ ፈገግታው ከዳር እስከ ዳር ተዛመተ።

"አዪዪ ቀማሹ" አለ ፖስተኛው። "ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች። ሁላችንንም አባረህ ግድቡን ለብቻህ ልትይዘው?"

"በሚስቴ አፈር እምልልሃለሁ።"

"የፍየል ወተቱም ጊዜ ምለሃል።"

እውነት ነው፣ ምሎ ነበር። ቀማሹ ክርክሩን ተወ። አንደበቱ ካልታመነ ዓይናቸው ይመስክር ብሎ የፖስተኛውን ዘንግ ከእጁ ነጠቀ። ሰዉ ሁሉ እያየው ከእግሩ ሥር ጭቃ ዘገነ፣ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፣ መንጠቆው ላይ ለጠፈው። "እዩ" አለ። "ይሄ ጭቃ ነው። ጤነኛ ካርፕ ይህን ይውጣል?" ወረወረው። ቡሹ ሰጠመ። ጎተተ፤ ትልቅ ካርፕ፣ ሆዱ ወርቅ የመሰለ፣ ሣሩ ላይ ተንፈራገጠ። "አያችሁ?" አለ ቀማሹ። "አያችሁ አይደል?"

አይተዋል። ከዚያ ከኋላ የቆመ አንድ ቀጭን ሰውዬ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ቀማሹ የዘገነበትን ቦታ በመዳፉ ዳበሰው። ጭቃውን አሸተተ። ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሌላው አየውና እሱም ጎንበስ አለ። በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ተንበርክከው ነበር፤ አንዳንዱ በጣሳ፣ አንዳንዱ በባርኔጣው ይዝቃል፤ አንተ ከእኔ ወገን አትዛቅ የሚባባሉም ነበሩ።

"ጭቃ ነበር እንዴ ሚስጥሩ" አለ ፖስተኛው፤ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉበት አስገዛኸን።"

ቀማሹ ዘንጉን ሣሩ ላይ ጣለ። እጆቹ እስከ አንጓው ጭቃ ለብሰው እዚያው ቆመ። እየሳቁ፣ እየተጋፉ፣ እያመሰገኑት ሲዝቁ አያቸው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከፎቁ የወንድ ሳቅ ሰማ። አማቹ ከመንገድ ገብቷል። ቀማሹ ደስ አለው፤ ባሏ ቢነግራት ትሰማ ይሆናል ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። በሩን ሲከፍት ሽታው ቀደመው። የዓሣ ሾርባ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ቀርቧል፤ የእሷ ተጋምሷል።

"ፖስተኛው ነው ያመጣልን" አለች፤ አንተ ብቻ አይደለህም የምታስብልኝ በሚል አስተያየት። "በጭቃ ያዝኩት እያለ ይቀልዳል። በል አትቆጣ፣ ባሌ ገና መግባቱ ነው። ቁጭ በል፣ አንድ ቀን ብቻ።"

"አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አማቹ ተነስቶ ትከሻውን ሳመውና ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት ወር የካምፕ ምግብ የበላ ሰው ነው፤ የቤት ነገር እጅግ ናፍቆታል። ቀማሹ "ተው" ብሎ ሳይጨርስ ማንኪያውን ሞልቶ ጎረሰ።

ወዲያው ጉንጩ ተነፋ። ዓይኑ ፈጠጠ። ወደ ሳህኑ ዞሮ የጎረሰውን ሁሉ እንትፍ አለው።

"አንቺ ሴትዮ" አለ አፉን በመዳፉ እየጠረገ። "ልትገዪኝ ነው? ጨው ነው እኮ። ጨው ብቻ ነው።"

እሷ ሳቀች። ከራሷ ሳህን አንድ ማንኪያ ወሰደች፣ ጎረሰች፣ በዝግታ ዋጠች። "ምንም አላለኝም። እንዲያውም አንሶታል ብዬ ደግሜ ነው የጨመርኩበት። ይኼ ሰው ካምፕ ገብቶ ቀበጠ።" ወደ አባቷ ዞረች። "አንተ ፍረድ። ቀማሹ ማን ሆነና?"

ቀማሹ የቀረበለትን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። ማንኪያውን ነከረ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ አሳረፈው፣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቀ። ሙቀቱ ተሰማው፤ የቅባቱ ልስላሴ ተሰማው። ሌላ ምንም የለም። አገላበጠው። ምንም። ዓይኑን ሲገልጥ አማቹ ከንፈሩ ላይ የቀረውን ጨው አሁንም ፊቱን አኮማትሮ እየጠረገ ነበር።

በዕድሜው ሙሉ ስለ ጣዕም ያልዋሸው ሰው የለም። አሁንም መዋሸት ይችል ነበር፤ ትንሽ በዝቷል ብሎ ማለፍ፣ ባልየውን መክሰስ። ልጁን አያት። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ ፍርዱን እየጠበቀች፣ ገና ፈገግታዋ አልጠፋም።

"እኔ አላወቅሁትም" አለ። "ምንም አይታወቀኝም፣ ልጄ። የጨው ቅንጣት እንኳ አይታወቀኝም። ባልሽ ነው እውነቱን የሚናገረው።"

ፈገግታዋ ወዲያው አልሄደም፤ ቀስ በቀስ ነው የለቀቃት። ባሏን አየች፣ የተፋበትን ሳህን አየች። አባቷ ይህን ሰሞን ሲላት የነበረው ነገር አሁን ነው በሙሉ ጆሮዋ የገባው። ተነስታ ወደ ምድጃው ሄደች፣ የጨው ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተች። የሾርባ ማንኪያ አፉ ድረስ ሞልታ ጎረሰችው። አማቹ ሊከለክላት ከወንበሩ ተነሳ፤ ቀማሹ ግን ክንዱን ያዘው። ሁለቱም ቆመው እስክትተፋው ጠበቁ።

ዋጠችው።